ሥራ ልቀይር ወይስ ቤት ልግዛ?

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ጋሽ ከበደ ዕድሜያቸውን በሎን ኦፊሰርነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰላም ነርስ ናት፤ ከባለቤቷ ጋር የመጀመሪያ ቤታቸውን ሊገዙ ነው። ተነጋጋሪዎቹ ለዚህ ጽሑፍ የተፈጠሩ ናቸው፤ የሚነጋገሩበት ደንብ ግን የአሜሪካ የቤት ብድር ደንብ ነው።)

ሰላም፦ ጋሼ፣ ደስ የሚልም የሚያስፈራም ወሬ ይዤ መጣሁ። አዲስ ሥራ አገኘሁ።

ጋሽ ከበደ፦ እንኳን ደስ አለሽ! የሚያስፈራው የቱ ጋ ነው?

ሰላም፦ የቤቱ የመጨረሻ ፊርማ፣ ክሎዚንጉ፣ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ለኤጀንታችን ስነግረው ደነገጠ። «ፈርመሽ ቁልፉን እስክትቀበይ ሥራ የሚባል ነገር እንዳትነኪ» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ደመወዝሽ ጨመረ እንጂ መች ቀነሰ? ባንኩ እንዲያውም ደስ ይለዋል» ትለኛለች። ማንን ልስማ?

ጋሽ ከበደ፦ ኤጀንቱ የነገረሽ ለማንም ቢነገር የማይጎዳ ምክር ነው፤ ያንቺን ጉዳይ አይቶ ግን አይደለም። ባልደረባሽ ደግሞ ባንኩ እንደ እናት ልጇ ሲያልፍለት እልል የሚል መስሏታል። አበዳሪ ሥራው ይሻላል አይሻልም ብሎ አይጨነቅም። ገቢው በወረቀት ይረጋገጣል ወይ? ይቀጥላል ወይ? እነዚህን ነው የሚጠይቀው። እስቲ አሁን ስንት ነው የሚከፍሉሽ? ወዴትስ ልትሄጂ ነው?

ሰላም፦ አሁን በሰዓት 42 ዶላር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት እሠራለሁ። አዲሱ ሆስፒታል 56 ዶላር ይከፍላል። ሥራው ያው ነርስነት ነው፤ ለቤቱም ቅርብ ነው።

ጋሽ ከበደ፦ በሳምንት 36 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት፣ ለ12 ሲካፈል በወር 156 ሰዓት ይመጣል። አሁን 6,552 ዶላር፣ በአዲሱ 8,736። ልዩነቱ 2,184 ዶላር ነው። ጥሩ ጭማሪ ነው። የቅጥር ደብዳቤውን አሳዪኝ።

ሰላም፦ ይኸው፣ ስልኬ ላይ አለ።

ጋሽ ከበደ፦ እዚህ ጋ «ፒአርኤን» ይላል።

ሰላም፦ አዎ፣ ሲጠሩኝ ነው የምገባው። ግን ሥራ አይጠፋም፤ ሰው አጥተው ነው ያሉት። አርባ ሰዓትም ብፈልግ እንደማገኝ ነግረውኛል።

ጋሽ ከበደ፦ ታገኛለሽ፤ እኔም አልጠራጠርም። ማመልከቻሽን የሚመረምረው አንደርራይተር ግን «ነግረውኛል» የሚለውን የትም ሊጽፈው አይችልም። ፒአርኤን ማለት የተረጋገጠ ሰዓት የለም ማለት ነው። ታዲያ 56 ዶላሩን በስንት ያባዛው? ሰዓቱ የሚዋዥቅ ሠራተኛ ሲመጣ ያለፈውን ተመልክቶ አማካይ ያወጣል። አዲስ ቦታ ላይ ደግሞ የሚመለከተው ያለፈ ነገር የለም። ስለዚህ አንቺ 14 ዶላር ጨመርኩ ስትዪ፣ በእሱ ሂሳብ ገቢሽ ሊቆጠር የማይችል ሆኖ ያርፋል።

ሰላም፦ የሚገርም ነው! የበለጠ እያገኘሁ ያነሰ ይቆጠርብኛል?

ጋሽ ከበደ፦ ይቆጠርብሻል። ተጨማሪ ሰዓት ሠርተሽ የምታገኚውም እንዲሁ ነው። ኦቨርታይም፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን የሚባሉትን ለመቁጠር አበዳሪው በተለምዶ የሁለት ዓመት ታሪክ ይፈልጋል፤ ሌላው ነገር ሲያምር 12 ወርም የሚበቃበት ጊዜ አለ። ቀጣሪ ስትቀይሪ ያ ታሪክ ይቋረጣል። ቋሚ ደመወዝ ወደ ቋሚ ደመወዝ መቀየር ግን፣ በዚያው ሙያ ከሆነ፣ ብዙም አያስቸግርም። አንቺ የምትሄጂበት ሆስፒታል በሳምንት 36 ሰዓት ብሎ በደብዳቤ ቢያረጋግጥልሽ በ50 ዶላርም ቢሆን ለብድሩ ከ56ቱ ይሻላል።

ሰላም፦ ልጠይቃቸው እችላለሁ። ሙሉ ሰዓት ያለው ቦታም ነበራቸው፤ እኔ ነኝ ክፍያውን አይቼ ይሄኛውን የመረጥኩት። ግን ሰዎች «አንድ ቦታ ሁለት ዓመት ካልሠራሽ ብድር የለም» ይላሉ። እኔ ነርስ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና 14 ወሬ ነው።

ጋሽ ከበደ፦ ይህን ወሬ በየቡና ቤቱ እሰማዋለሁ። የሚጠየቀው የሁለት ዓመት የሥራ ታሪክ ነው፤ አንድ ቀጣሪ ዘንድ መቆየት ግዴታ አይደለም። ትምህርት ላይ የነበርሽበት ጊዜም ከታሪኩ ይቆጠራል። የነርሲንግ ትምህርትሽን ትራንስክሪፕት ታቀርቢያለሽ፣ በዚያው ሙያ ተቀጠርሽ፣ ክፍተቱ ተዘጋ። ከዚያ በፊት ምን ትሠሪ ነበር?

ሰላም፦ እየተማርኩ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት፣ ሆኜ እሠራ ነበር።

ጋሽ ከበደ፦ ይኸውልሽ፤ ከሲኤንኤ ወደ ነርስነት ማደግ ነው፤ አንደርራይተር የሚወደው ዓይነት መንገድ። የሚቸገሩት በኤጀንሲ በኩል ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዞሩት ናቸው። ለቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኤፍኤችኤ ለምሳሌ በ12 ወር ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ሥራ የቀየረን ሰው፣ ወይም ሙያውን ጭራሽ የለወጠውን፣ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲቀርብለት ያዛል። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ያለ ሥራ ለቆየ ደግሞ አሁን ባለበት ሥራ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲሞላውና ከማቋረጡ በፊትም የሁለት ዓመት ታሪክ እንዲኖረው ይፈልጋል። አገር ቤት እናቱን ሊያስታምም ሄዶ ስምንት ወር የቆየ ሰው ሲመለስ የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

ሰላም፦ እሺ፣ ሙሉ ሰዓት ሰጡኝ እንበል። ሥራውን የምጀምረው ግን ከክሎዚንጉ በኋላ ቢሆንስ?

ጋሽ ከበደ፦ ለዚያም መንገድ አለ። ብድሩ ከአበዳሪዎች ብድር ለሚገዛው ለፋኒ ሜ የሚሸጥ ከሆነ፣ አዲሱ ሥራ ከብድሩ ፊርማ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ የሚጀመር እስከሆነ ድረስ በቅጥር ውሉ ላይ ተመሥርቶ ማበደር ይቻላል፤ ተጨማሪ ተቀማጭ ገንዘብ አሳዪ ሊሉሽ ግን ይችላሉ። ኤፍኤችኤ ደግሞ 60 ቀን ይፈቅዳል። ደብዳቤው ላይ የምትጀምሪበት ቀን፣ የሰዓቱ ብዛት፣ ክፍያው፣ ያንቺም መቀበል ይጻፍ። «የጀርባ ምርመራ ካለፈች» ወይም «የመድኃኒት ምርመራ ካለፈች» የሚል ቅድመ ሁኔታ ካለበት ያ ተሟልቶ ማለቅ አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ እያንዳንዱ አበዳሪ የራሱን ጠበቅ ያለ ደንብ ይጨምራል። አንዱ የተቀበለውን ደብዳቤ ሌላው «የመጀመሪያውን ፔይስተብ፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ ሳላይ አልፈርምም» ብሎ ይመልሰዋል።

ሰላም፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ግን እንዳይቆጡኝ። ምንም ሳልናገር ብፈርምስ? ፕሪ-አፕሩቫሉ አለኝ፣ ፔይስተቡንም ሰጥቻለሁ።

ጋሽ ከበደ፦ ይህን ጥያቄ የጠየቅሽኝ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ፕሪ-አፕሩቫል በዚያን ቀን ባለሽ ገቢ ላይ የተሰጠ ግምት ነው፤ እስከ ፊርማ ድረስ ጸንቶ የሚቆይ ቃል አይደለም። ደሞዝተኛ ከሆንሽ ብድሩ ከመፈረሙ በፊት ባሉት 10 የሥራ ቀናት ውስጥ አበዳሪው መሥሪያ ቤትሽ ደውሎ «እዚያ ናት?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያው በፊርማው ዕለት ጠዋት የሚደውሉም አሉ። መደወል እንኳ አያሻቸውም፤ ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች የሠራተኛውን መረጃ ኢኩፋክስ የሚባለው ድርጅት ለያዘው፣ «ዘ ወርክ ነምበር» ለተባለው መዝገብ ያስተላልፋሉ።

ሰላም፦ የመልቀቂያ ማስታወቂያ ሰጥቼ ገና ያልወጣሁ ብሆንስ? «አዎ፣ እዚህ ናት» ነው የሚሏቸው።

ጋሽ ከበደ፦ ያን ጊዜ ነገሩ ከስልኩ ወደ ፊርማሽ ይዞራል። ማመልከቻው ላይ የሰጠሁት መረጃ ከተለወጠ አሳውቃለሁ ብለሽ ፈርመሻል። ክሎዚንግ ጠረጴዛው ላይም እንደገና ትፈርሚያለሽ። ብድር ለማግኘት ሲሉ እያወቁ ሐሰት መጻፍ በፌዴራል ሕግ እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ ያስከትላል። አንድ ነርስ ሥራ ቀየረች ብሎ 30 ዓመት የሚፈርድ ዳኛ አለ እያልኩሽ አይደለም። ግን ብትናገሪ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ለምን ትደብቂዋለሽ?

ሰላም፦ እውነቱን ልንገርዎት? ነገሩ ያናድደኛል። ሥራዬ ከእኔ ተነጥቆ የባንኩ ሆነ። ሰው ሁለት ወር ሙሉ ሳይተነፍስ መቀመጥ አለበት? ከዚህ የተሻለ ዕድል ቢመጣስ?

ጋሽ ከበደ፦ ንዴትሽ ይገባኛል፤ ግን ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብሽ። እ.ኤ.አ. ከ2008 በፊት እዚህ አገር ሰው ገቢህ ስንት ነው ተብሎ ተጠይቆ የተናገረው ሳይጣራ የሚጻፍበት ብድር ነበር። በብድር ሥራ ያሉት ሰዎች ራሳቸው «የውሸታሞች ብድር» ነበር የሚሉት። እዚሁ አጠገባችን ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ስንት ቤት በሐራጅ እንደሄደ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ በ2010 ዶድ-ፍራንክ የሚባለው ሕግ ወጣ፤ በእሱ መነሻነት ከ2014 መጀመሪያ ጀምሮ አበዳሪ የተበዳሪውን የመክፈል አቅም እንዲያጣራ ግዴታ ሆነ። ማጣራት ካለበት ነገር አንዱ የሥራ ሁኔታ ነው። አንደርራይተሩ ፔይስተብሽን የሚያገላብጠው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሳያጣራ ቢያበድር ነገ እሱ ነው የሚጠየቀው።

ሰላም፦ እሱስ እሺ። ግን ደንቡ የወጣው ለደሞዝተኛ ነው። የእኛ ሰው ግማሹ ኡበር ይነዳል፣ ግማሹ ሁለት ሦስት ቦታ ይሯሯጣል።

ጋሽ ከበደ፦ በዚህ አልከራከርሽም። ደንቡ ከአንድ መሥሪያ ቤት በየሁለት ሳምንቱ ቼክ የሚቀበለውን ሰው በልቡ ይዞ የተጻፈ ነው። አገር ቤትም ቢሆን ሥራና ቤት መተሳሰራቸው አልቀረም፤ ብዙ ባንኮች ለገዛ ሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር ይሰጣሉ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ግን ወለዱ ከፍ ይላል። አንዳንዱ ሰው ለቤቱ ሲል ከማይወደው ወንበር ሳይነሳ ጡረታ ይወጣል። የአንቺ እንኳ የሳምንታት ጉዳይ ነው። ለመሆኑ ባልሽ ምን ይላል?

ሰላም፦ እሱማ ከእኔ የባሰ ቸኩሏል። የፓርኪንጉን ሥራ በዚህ ወር መጨረሻ ሊለቅ ነው። ከጓደኛው ጋር ሆኖ የጭነት መኪና አግኝቷል፤ የራሱን ሊነዳ ነው።

ጋሽ ከበደ፦ በዚህ ወር መጨረሻ? ከክሎዚንጉ በፊት?

ሰላም፦ አዎ። ምነው? የሚያገኘው እኮ አራት እጥፍ ነው። በሳምንት እስከ 4,000 ዶላር ይገባል አሉት።

ጋሽ ከበደ፦ ልጄ፣ ቅድም የተጨነቅሽበት ያንቺ ሥራ በአንድ ደብዳቤ የሚስተካከል ነው። ብድሩን የሚያፈርሰው ይኼኛው ነው። ወረቀት አምጪና እንጻፈው። እሱ አሁን ስንት ያገኛል?

ሰላም፦ በሰዓት 24 ዶላር፣ ሙሉ 40 ሰዓት። ደብልዩ-2 የሚያገኝ ደሞዝተኛ ነው።

ጋሽ ከበደ፦ በወር 4,160። ያንቺ 6,552። ሁለታችሁ 10,712 ዶላር። የቤቱ ክፍያ ከነታክሱና ከነኢንሹራንሱ ስንት ነው?

ሰላም፦ 3,700 ነው ያሉን። የመኪናና የትምህርት ብድራችን አንድ ላይ 950 ይሆናል።

ጋሽ ከበደ፦ ድምሩ 4,650 ነው። ለ10,712 ስታካፍዪው ከገቢያችሁ 43 በመቶው ለዕዳ ይሄዳል ማለት ነው። ማመልከቻው በኮምፒዩተሩ በኩል ሲያልፍ ፋኒ ሜ እስከ 50 በመቶ ድረስ ሊቀበል ይችላል፤ ኤፍኤችኤ አንዳንዴ ከዚያም ይሻገራል። አሁን የባልሽን ደመወዝ አውጪ። 4,650ን ለ6,552 አካፍዪ።

ሰላም፦ ... 71 በመቶ።

ጋሽ ከበደ፦ 71 በመቶ ይዞ የሚያበድር የለም።

ሰላም፦ ለምን ይወጣል? የጭነቱ ገቢ አለ አይደል? እሱን ያስገቡለት።

ጋሽ ከበደ፦ የራሱን የሚሠራ ሰው ገቢ የሚታየው ከታክስ ሪተርኑ ነው፤ በመደበኛው ደንብ የሁለት ዓመት። ከዚያ አነስ ያለ ጊዜ የሚቀበሉበት ሁኔታ አለ፣ ግን ቢያንስ ሙሉ 12 ወር የሠራበት ሪተርን ይፈልጋሉ። የእሱ ታሪክ የሚጀምረው ገና በሚቀጥለው ወር ነው። ሪተርኑ ቢደርስም የሚያዩት የገባውን ሳይሆን የተጣራውን ነው። በዓመት 200,000 ዶላር ገባ እንበል፤ ናፍጣ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ ጎማ፣ የመኪናው ብድር ወለድ፣ የዲስፓቸሩ ድርሻ ሲወጣ የተጣራው 31,000 ሊሆን ይችላል። ለመኪናው እርጅና የተቀነሰውን፣ በል 22,000፣ መልሰው ይደምሩለታል፤ ያ ገንዘብ ከኪስ የወጣ አይደለምና። 53,000 ሆነ፤ በወር 4,416። ተመልከቺ፣ ከፓርኪንጉ እምብዛም አይበልጥም፤ እሱም ሪተርኑ ሲሞላ ነው።

ሰላም፦ የእኛ ሰው ደግሞ ታክስ ሲያሠራ ወጪውን ሁሉ ነው የሚያስገባው።

ጋሽ ከበደ፦ እሱ ነው ጉዱ። በየዓመቱ አካውንታንቱ ፊት ቁጭ ብሎ «አሳንስልኝ» ይላል፤ ቤት መግዛት ሲያምረው ደግሞ ሎን ኦፊሰሩ ፊት መጥቶ «አሳድግልኝ» ይላል። እኔ ከታክስ ሪተርኑ ውጭ ምን አለኝና! ስንቱ ተቆጥቶኝ ሄዷል። በሕግ የተፈቀደ ወጪ መቀነስ መብቱ ነው፤ ግን ቤት ሊገዛ ያሰበ ነጋዴ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከአካውንታንቱ ጋር መምከር አለበት።

ሰላም፦ ለመኪናው መያዣ ዕቁብ ደርሶታል። 15,000 ዶላር ባንክ አስገብተናል።

ጋሽ ከበደ፦ ይህንንም ለሎን ኦፊሰራችሁ ነግራችኋል?

ሰላም፦ ዕቁብ ምን እንደሆነ በምን ያውቁታል?

ጋሽ ከበደ፦ ያውቁታል! ፋኒ ሜ በማኅበር የሚጠራቀም ቁጠባ የሚል ደንብ አለው፤ ለዳውን ፔይመንትም ይቀበለዋል። ግን ሰብሳቢው በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ እናንተም በየጊዜው ስትጥሉ እንደነበር ማሳየት አለባችሁ። የደረሳችሁ ቀድማችሁ ከሆነና ገና የምትጥሉት ካለ ደግሞ ያ እንደ ዕዳ ይታሰባል። በወር ስንት ቀራችሁ?

ሰላም፦ ገና ስምንት ወር፣ በወር 1,000።

ጋሽ ከበደ፦ እንግዲህ እሱም 4,650ው ላይ ተደምሮ ሊታይ ነው። 5,650 ሆነ፤ ሁለታችሁም በሥራ ላይ እያላችሁ 53 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ከፋኒ ሜ ጣሪያ አለፈ። ኤፍኤችኤ ሊያነሳው ይችል ይሆናል፣ ወይም ከዚያው ከ15,000ው ላይ ያለባችሁን የመኪና ብድር ዘግታችሁ ወርሃዊውን ታወርዱታላችሁ። ይህን ግን እናንተ ሳትሆኑ ሎን ኦፊሰሩ ይወስን። ዛሬ ካወቀ መላ ይፈልጋል፤ ፊርማው ሁለት ቀን ሲቀረው ካወቀ ግን እጁ የታሰረ ነው።

ሰላም፦ ያስያዝነውን ገንዘብስ እናጣለን? ለቤቱ 10,000 ዶላር አስይዘናል።

ጋሽ ከበደ፦ ውላችሁ ውስጥ ብድሩ ካልተፈቀደ ገንዘቡ ይመለሳል የሚል አንቀጽ አለ? ቀኑስ አልፏል? በገዛ ፈቃዱ ሥራ ለቆ ብድሩን ያበላሸን ገዢ ግን አንቀጹ ላያድነው ይችላል። ዛሬ ማታ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ኤጀንቱን ወይም ጠበቃ ጠይቁ። የወለዱ ሎክም የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ክሎዚንጉ ከተገፋ ለማራዘም ክፍያ ሊመጣ ይችላል።

ሰላም፦ እሺ፣ ነገ ጠዋት ለሎን ኦፊሰራችን እደውላለሁ። የእኔን ደብዳቤ፣ የዕቁቡን ነገር፣ የእሱን መኪና። ሦስቱንም።

ጋሽ ከበደ፦ ደውይ፣ ከዚያ ደግሞ በኢሜይል ጻፊለት። በቃል የተነገረ ይረሳል። ለአዲሱ ሆስፒታልም ሙሉ ሰዓቱን ጠይቂ፤ እስኪመልሱልሽ አሁን ላለሽበት የመልቀቂያ ማስታወቂያ አትስጪ።

ሰላም፦ ባለቤቴስ? እሱ እኮ «ቤቱ በእጃችን ከገባ በኋላ ማን ይጠይቀናል» ነው የሚለኝ። በፈረምን ማግስት ሊለቅ ይችላል።

ጋሽ ከበደ፦ መጀመሪያ፣ ለመልቀቅ ቀን ቆርጦ ይዞ ደመወዙን ገቢዬ ነው ብሎ መፈረም የለበትም፤ ቅድም ያልኩሽ ለእሱም ይሠራል። ቤቱ ተገዝቶ ከከረመ በኋላ ግን ሰው ሥራ ቢቀይር ከልካይ የለውም። በ60 ቀን ውስጥ ገብታችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት ልትኖሩበት ነው የምትፈርሙት፤ ሥራው ወደ ሌላ ስቴት የሚወስዳችሁ ካልሆነ በቀር እዚያ ላይ ችግር የለም። ችግሩ 71 በመቶው ነው። ቤቱን ገዝታችሁ ሥራውን ከለቀቀ አንደርራይተሩ አልቀበልም የሚለውን ቁጥር እናንተ በየወሩ ትከፍሉታላችሁ። የጭነት ሥራ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት መኪና ይበላሻል፣ ጭነት ይጠፋል፣ ክፍያ ይዘገያል። ነጂ ጓደኞቹን ይጠይቅ።

ሰላም፦ ታዲያ ጭራሽ አይሞክር?

ጋሽ ከበደ፦ ይሞክር እንጂ! ፈቃዱን ያውጣ፣ ገበያውን ይወቅ፣ ቅዳሜና እሑድ ከጓደኛው ጋር ይሂድ። ግን የስድስት ወር የቤት ክፍያ፣ ማለትም 22,200 ዶላር፣ ማንም በማይነካው ሒሳብ ውስጥ ሳይቀመጥ የፓርኪንጉን ሥራ አይልቀቅ።